ኩላሊት ድንገት ሲያቆም፦ ስለ አስቸኳይ ዲያሊሲስ ባህር ዳርና ጣና ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄ ለዓመታት ኩላሊት ታመው በሳምንት ሁለት ሶስቴ ደማቸውን በማሽን ለሚታጠቡ (ዲያሊሲስ ወይ እጥበት ሚባለው ይሄ ነው) ሰዎች የተጻፈ አይደለም፣ የነሱ ጉዳይ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት እርሻው ላይ ወይ ሱቁ ውስጥ ደህና ሲሰራ የነበረ ሰው ድንገት ሽንቱ ቆሞ "ዛሬውኑ መታጠብ አለበት" ለተባለ ቤተሰብ ነው። እኔ እዚሁ ባህር ዳር እጥበት ክፍል ነው ምሰራው፣ ኮሪደር ላይ አስታማሚዎች ሚጠይቁኝን ነው ምጽፈው፣ ታማሚውን ያየው ሐኪም ከኔ የተለየ ነገር ካላችሁ የሱን ስሙ።

"አንዴ ማሽን ላይ ከወጣ በቃ እድሜ ልኩን ነው" ይባላል፣ እውነት ነው?

አይደለም። ሰው ሚገድለው ወሬ ይሄ ስለሆነ ነው መጀመሪያ ያደረኩት። እድሜ ልክ ሚታጠቡት ኩላሊታቸው በስኳር፣ በደም ግፊት ወይ በሌላ ነገር ለዓመታት ቀስ እያለ ያለቀባቸው ሰዎች ናቸው፣ ማሽኑ አይደለም ኩላሊታቸውን ያቆመው፣ ኩላሊቱ ስላለቀ ነው ማሽኑ ጋ የመጡት። ድንገተኛው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ኩላሊቱ አልሞተም፣ ደም አጥሮት ወይ መርዝ መቶት እንደደነዘዘ እግር ነው፣ የመታው ነገር ከተነሳለት በቀናት ወይ በሳምንታት ይነቃል፣ አንዳንዱ እስከ ሶስት ወር ይቆይበታል። ማሽኑ እስኪነቃ ድረስ ሰውየውን በህይወት ማቆያ ነው። ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ቱቦው ወጥቶለት በእግሩ ወደ ቤቱ የሄደ ብዙ ሰው አለ። ሁሉም ይድናል እያልኩ አይደለም፣ በተለይ ድሮም ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ላይ ድንገተኛው ሲደረብበት ላይመለስ ይችላል፣ ኩላሊቱን የመታው በሽታ ራሱም (ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ለምሳሌ) ሰውየውን ሊወስደው ይችላል። ግን ስለታጠበ ኩላሊቱ ማሽን ይለምዳል ሚባል ነገር የለም።

እንዲያውም ማሽኑ መጀመሪያ ሰው ያተረፈው ድንገተኛ ላይ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ ዶክተር ቪለም ኮልፍ በሰራው ማሽን መጀመሪያ የተረፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ የ67 ዓመት ሴትዮ ኩላሊታቸው ድንገት ቆሞ ራሳቸውን የሳቱ ነበሩ፣ ታጥበው ነቁ፣ ኩላሊታቸው ተመለሰ፣ ከዛ በኋላም ለዓመታት ኖሩ። አንድን ሰው ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ ማጠብ የተቻለው እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ ነው። እና "ከተጀመረ አይቆምም" ሚለው ወሬ ከማሽኑ ታሪክ ጋር ራሱ አይገጥምም።

ኮሪደር ላይ ሁሌ ማየው ነገር አለ፤ ታማሚው ውስጥ ስቅ እያለው (ስቅታው ራሱ ደሙ ውስጥ ከተጠራቀመው ቆሻሻ ነው) ውጪ ስድስት ሰባት ዘመድ ቆሞ ይፈረም አይፈረም ይጨቃጨቃል፣ ታላቅ ወንድሙ ከመተማ እስኪደርስ ይጠበቅ ይባላል፣ አንዲት አክስት ከአሁኑ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሳሉ። ኧረ በስመአብ! የወንድም ሃሳብ በስልክ ይጠየቃል፣ ፖታሺየም (ኩላሊት ሲቆም ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብ ሚያቆመው ማዕድን) ግን መኪና እስኪደርስ አይጠብቅም።

ትላንት ደህና የነበረ ሰው ኩላሊቱ እንዴት ድንገት ይቆማል?

እኛ አካባቢ በብዛት ምናያቸውን ልንገራችሁ። አንደኛው ፈሳሽ ማለቅ ነው፣ ተቅማጥና ትውከት ሁለት ሶስት ቀን ይዞት ኦአርኤስ ሳይጠጣ ቤት የተኛ ሰው፣ ደሙ ያንስና ኩላሊቱ ይደርቃል። ሁለተኛው ወባ፣ ከፎገራና ከደንቢያ ሜዳ በተለይ ክረምቱ እንደወጣ ሚመጣው፣ ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቁሮ ከመጣ ቀልድ አይደለም። ወሊድ ላይ ብዙ ደም መፍሰስ ወይ የእርግዝና ደም ግፊት አለ። ኢንፌክሽን አለ። ሽማግሌዎች ላይ ደግሞ ፕሮስቴት አብጦ ሽንት ታፍኖ ኩላሊት ሚጎዳበት አለ፣ እሱ እንኳን ብዙ ጊዜ እጥበት ሳይደርስ የሽንት ቱቦ በማስገባት ብቻ ይመለሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ሚያዙት ለዛ ነው፣ "እኛ እጥበት ብለን መጣን እነሱ አልትራሳውንድ ይላሉ" ብላችሁ አትናደዱ።

መድሃኒቱንም ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄ በእጃችን ያለ ነገር ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወገቤን አመመኝ ተብሎ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ እየተገዙ በየቀኑ ይዋጣሉ፣ ፈሳሽ ባነሰው ሰውነት ላይ ሲሆኑ ኩላሊት ይመታሉ፣ የሚገርመው ደግሞ ኩላሊቴን አመመኝ ብሎ እነሱኑ ሚውጥ ሰው አለ። ጀንታማይሲን መርፌ ለብዙ ቀን ከተወጋም እንደዛው ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ስርና ቅጠል በጥብጦ መጠጣትም፣ ምን እንዳለበት ያልታወቀ አረቄም አለ። አረቄው ሜታኖል (መርዛማ አልኮል) ካለበት ኩላሊቱ ደህና ሆኖ እንኳን መርዙን ለማውጣት ብቻ እጥበት ሊታዘዝ ይችላል፣ አይኑ ጭጋግ ሆነብኝ ያለ ጠጪ ሰክሮ ነው ተብሎ አይተኛም።

ምን ሳይ ነው ማታም ቢሆን ተነስቼ መሮጥ ያለብኝ?

ሽንት። አንድ ትልቅ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ሽንቱ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ በታች ከሆነ ችግር አለ። ባዶ ሃይላንድ ስጡትና እዛ ይሽና፣ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሩ፣ ሰዓቱን ጻፉበት። "ትንሽ ትንሽ ይሸናል" ከሚል አስታማሚ ይልቅ ሶስት መስመር ያለው ሃይላንድ ይዞ ሚመጣ አስታማሚ ሐኪሙን ብዙ ይረዳዋል። ግን ደግሞ ሽንት ስላለ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ እየሸናም ኩላሊቱ ማያጣራ ሰው አለ።

ሌላው፦ ጋደም ሲል ትንፋሽ ማጠር፣ ፊትና እግር ድንገት ማበጥ፣ ማያቆም ስቅታና ማስመለስ፣ መቃዠት ወይ ሰው አለመለየት፣ መንቀጥቀጥ፣ የእግር መዛል ከልብ ምት መዘበራረቅ ጋር። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ።

የጎረቤታችን ክሬቲኒን 9 ሆኖ አልታጠበም፣ የኛ 5 ሆኖ አስቸኳይ ተባለ፣ ለምን?

ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም ሚያጣራው ቆሻሻ፣ በደም ምርመራ ሚለካ) ብቻውን አያስወስንም። ጤነኛ ትልቅ ሰው ላይ ከ0.6 እስከ 1.2 አካባቢ ነው፣ ከፍ ማለቱ ኩላሊቱ እንደተጎዳ ይናገራል እንጂ ዛሬ ማታ ምን እንደሚገድለው አይናገርም። ሐኪሙ የሚፈራው አራት ነገር ነው። ፖታሺየም፦ ልኩ ከ3.5 እስከ 5 ነው፣ ከ6.5 ሲያልፍና ኢሲጂው (የልብ ምት ምርመራው) ላይ ለውጥ ሲመጣ ልብ በደቂቃዎች ልትቆም ትችላለች፣ ሰውየው ግን ቁጭ ብሎ እያወራችሁ ሊሆን ይችላል፣ ለዛ ነው ቤተሰብ ማያምነው። ሁለተኛ ሳንባ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ፣ ላዚክስ (ሽንት ሚያመጣው መድሃኒት) ተሰጥቶትም ሽንት እምቢ ካለ። ሶስተኛ የደም አሲድ መብዛት። አራተኛ ቆሻሻው ጭንቅላት ወይ የልብ ሽፋን ጋ መድረስ። ከነዚህ አንዱ በመድሃኒት አልመለስ ካለ እጥበት ነው፣ ከሌለ ደግሞ በመድሃኒትና በፈሳሽ እየተጠበቀ ክሬቲኒኑ ራሱ ሊወርድ ይችላል።

ባህር ዳር የት ነው ምንሄደው? ከደቅ፣ ከዘጌ፣ ከቁንዝላ ብንመጣስ?

ሁለቱ ትልልቅ የመንግስት ሆስፒታሎች ፈለገ ህይወት እና ጥበበ ግዮን ናቸው። ፈለገ ህይወት ከተማው ውስጥ ነው፣ ጥበበ ግዮን የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የግል ሆስፒታሎችም አሉ። በቀጥታ ኢመርጀንሲ ግቡ፣ ጠዋት ተመላላሽ ካርድ ወረፋ ይዛችሁ እንዳትቀመጡ። ለጎርጎራና ለደንቢያ ሰው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይቀርበዋል፣ ከባህር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚህ ማሽን ከጠፋም ሪፈር ሊላክ ሚችልበት ነው።

ከገጠር ከሆናችሁ መጀመሪያ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ግቡ፣ ዘላችሁት አትምጡ። አንደኛ ግሉኮስ ለማንጠልጠል፣ ወባን ለማየት፣ መርፌ ለመጀመር ማሽን አያስፈልግም፣ እነዛ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ሁለተኛ የሪፈር ወረቀት ትይዛላችሁ፣ ሰዓት እላፊ ባለበት ወይ መንገድ ላይ ፍተሻ በበዛበት ጊዜ ወረቀቷ መንገድ ትከፍታለች። አምቡላንስ በወረዳው በኩል ይጠየቃል፣ የቀይ መስቀል 907 ነው። ከደሴት ምትመጡ ደግሞ ሐይቁ ላይ ንፋስ ከተነሳ ጀልባ እንደማይወጣ እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ታማሚው ማታ ካልተሻለው ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ እንጂ "ዛሬን እንየው" እንዳትሉ።

ሪፈር ሚጽፈውን ሐኪም አንድ ነገር ለምኑት፣ ምትላኩበት ሆስፒታል ደውሎ ሶስት ነገር ይጠይቅልን በሉት፦ ማሽኑ አሁን እየሰራ ነው ወይ፣ የአስቸኳይ ካቴተር (ደሙ ወደ ማሽኑ ሚወጣበትና ሚመለስበት ቱቦ) አለ ወይ፣ አልጋ አለ ወይ። አንዱ ብቻ ከጎደለ ሌላ ቦታ ትሄዳላችሁ። ማሽን እያለ ካቴተር ጠፍቶ ታማሚ ሲዞር አይቻለሁ፣ ያንን ማየት ያናድዳል።

ምን ይዘን እንምጣ?

የተሰራለትን የላብራቶሪ ውጤት ሁሉ፣ የድሮውንም ጭምር፣ ምክንያቱም ከስድስት ወር በፊት ክሬቲኒኑ 1 የነበረ ሰው ዛሬ 8 ከሆነ ድንገተኛ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ሲወስድ የነበረውን መድሃኒት ከነካርቶኑ፣ የባህል መድሃኒትም ከሆነ ከነላስቲኩ አምጡት፣ ማንም አይቆጣችሁም፣ ከደበቃችሁ ግን ሐኪሙ ጨለማ ውስጥ ነው ሚሰራው። የሄፓታይተስ ቢ፣ ሲ እና የኤችአይቪ ምርመራ ከማሽኑ በፊት ይሰራል፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ለብቻው ማሽን ስለሚያስፈልገው ነው እንጂ እናንተን ለመጠርጠር አይደለም። ደም መስጠት ሚችሉ ሁለት ሶስት ጠንካራ ዘመድ ካሉ አብረው ይምጡ። የጤና መድን ደብተር አትርሱ።

አንገቱ ላይ ቱቦ ይገባል ሲሉን ደነገጥን

ሁሉም ይደነግጣል። ቶሎ ብዙ ደም አውጥቶ መመለስ ሚችል መንገድ ስለሚፈለግ የክንድ ስር አይበቃም፣ አንገት ላይ ወይ ብሽሽት ላይ ትልቅ ደም ስር ውስጥ ካቴተር ይገባል። ቦታውን በመርፌ አደንዝዘው ነው፣ ሙሉ ማደንዘዣ አይደለም፣ ግፊት ይሰማዋል እንጂ ስለታም ህመም ብዙም የለውም። አደጋ የለውም አልላችሁም፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን አለ፣ ለዛ ነው ሚፈረመው። የብሽሽቱ ቶሎ ስለሚቆሽሽ ከሳምንት ብዙም አይቆይም። የናንተ ስራ ቱቦው እንዳይረጥብ፣ ክዳኑን ማንም እንዳይነካ፣ ሌላ ክፍል ያለ ባለሙያ በሱ መድሃኒት ልስጥ ወይ ደም ልቅዳ ካለ "ይሄ የእጥበት ነው" ማለት። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው በዛው ሰዓት ተናገሩ።

ማሽኑ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል? ደሙ ሁሉ ይወጣል እንዴ?

ኧረ አይወጣም። በአንድ ጊዜ ውጪ ያለው ደም 200 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፣ ዞሮ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀን ሆን ተብሎ እንዲያጥር ይደረጋል፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ቆሻሻው በአንዴ ከወረደ ጭንቅላቱ ስለሚያብጥ ራስ ምታት ማስመለስ አልፎም መንቀጥቀጥ ያመጣል። "ሰው አራት ሰዓት ይታጠባል የኛን ቶሎ አወረዱት" ብላችሁ እንዳትጣሉን፣ በማግስቱ ወይ በሌላው ቀን እየረዘመ ይሄዳል። ማሽኑ ላይ እያለ ግፊቱ ሊወርድ፣ ቁርጥማት ሊይዘው፣ ሊበርደው ይችላል፣ ጋቢ አምጡለት። አንድ ሙሉ እጥበት ደግሞ ወደ 120 ሊትር የተጣራ ውሃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ መብራት ወይ ውሃ ሲሄድ እጥበቱ ሚቋረጠው ለዛ ነው።

ወረፋ አለ ወይም ማሽን ተበላሽቷል ብንባልስ?

ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም። ለፖታሺየሙ ካልሲየም ግሉኮኔት ልብን ለአጭር ጊዜ ይጠብቃል፣ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ፖታሺየሙን ለጥቂት ሰዓት ወደ ሴል ይመልሰዋል፣ ሳልቡታሞል ጭስም ያግዛል። ሁሉም ጊዜ መግዣ ናቸው፣ ፖታሺየሙን ከሰውነት አያወጡትም፣ ስለዚህ መርፌው ተሰጥቶት ተሻለው ብላችሁ ወደ ቤት ይዛችሁት እንዳትሄዱ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይመለሳል። በገዛችሁት ጊዜ ውስጥ ሌላ ሆስፒታል ይደወል። ወረፋው በማን ቀድሞ መጣ ሳይሆን በማን የባሰ ነው መሆን ያለበት፣ ስለዚህ ተረኛው ሐኪም ሁኔታው መቀየሩን እንዲያውቅ ሂዱና ንገሩት፣ በትህትና ግን ሳትታክቱ።

ብሩስ?

የመንግስትና የግል ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዋጋ ስትጠይቁ የአንድ እጥበቱን ብቻ አትጠይቁ፣ ካቴተሩ፣ ማጣሪያው፣ መስመሩ፣ ላብራቶሪው ውስጡ አለ ወይስ ለብቻ ነው በሉ፣ ቤተሰብ ሚደነግጠው እዛ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ድንገተኛ መሆኑ በግልጽ ይጻፍላችሁ፣ ከዛ መድን ቢሮ ወይ የሆስፒታሉ ማህበራዊ አገልግሎት ጋ ይዛችሁ ሂዱ። እቁብም እድርም ሰው ሲሞት ብቻ አይደለም፣ አሁን ጠይቁ። በሬ ለመሸጥ ምትጣደፉም አለ፤ ድንገተኛው ብዙ ጊዜ ጥቂት እጥበት ስለሆነ መጀመሪያ ሐኪሙን ስንት ይጠበቃል ብላችሁ ጠይቁ።

ፀበል፣ ጾም፣ ምግብ?

ይሄን ስጽፍ ተጠንቅቄ ነው። ሽንቱ የቆመ ሰው የሚጠጣው ውሃ መውጫ የለውም፣ ሳንባው ውስጥ ነው ሚጠራቀመው። ፀበል በጆግ ሙሉ በባዶ ሆዱ ጠጥቶ ማታ ትንፋሽ አጥሮት የመጣ ታማሚ አለ፣ ፀበሉ አይደለም የጎዳው፣ ብዛቱ ነው። ለመነኩሴውም ለቄሱም ንገሯቸው፣ ሲነገራቸው ብዙዎቹ ይረዳሉ፣ መረጨት ይቻላል፣ ከንፈር ማርጠብ ይቻላል፣ ሚጠጣው ደግሞ በቀኑ ልክ ውስጥ ይቆጠር። ልኩ በብዛት የትላንት ሽንቱ ላይ ግማሽ ሊትር ተጨምሮ ነው፣ ሻይ፣ አጥሚት፣ ሾርባ ሁሉ ይቆጠራል። ቱቦ ያለበት ሰው ግን መጠመቅ አይችልም፣ ቱቦው ሲረጥብ ኢንፌክሽን ይገባል።

ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ባህር ዳር ሆኖ ማንጎና ሙዝ ያልያዘ ጠያቂ የለም። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ድንች ፖታሺየም አላቸው፣ ለናንተ አስታማሚዎቹ ይሁኑ። እንጀራ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ እንቁላል፣ ከጣና የመጣ ዓሳ በልኩ ይሆናል፣ ጨው ይቀነስ። እንዲጾም አትፍቀዱለት፣ ሰውነቱ እየከሳ ስለሆነ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ታማሚ ደግሞ ከጾም ነጻ ነው፣ የንስሐ አባቱን ጠይቁለት።

ተቅማጥ ይዞት ውሃ የጠፋበት ሰው ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ እሱ ይጠጣ። የትኛው እንደሆነ ሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ በግምት አትስሩ።

ወላድ ናት፣ ወይም ህጻን ነው፣ ይታጠባሉ?

ወላድ ትታጠባለች፣ ጡት ማጥባትም በራሱ በእጥበቱ ምክንያት አይከለከልም፣ የምትወስደውን መድሃኒት ግን አስጠይቁ። ህጻን ላይ ካቴተሩም ማጣሪያውም በኪሎው ልክ ትንሽ መሆን ስላለበት ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ስልኩ ላይ ኪሎውን ተናግራችሁ ጠይቁ።

ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል?

ለድንገተኛ፣ አይ። ንቅለ ተከላ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም የተጀመረ ነው፣ ኩላሊታቸው ለማይመለስ ሰዎች። ወንድሙ በመጀመሪያው ሳምንት "የኔን ውሰዱ" ሲል ልብ ይነካል፣ ግን ገና ነው።

ሽንቱ ተመልሷል፣ አሁን ቱቦውን አውጥተን እንሂድ?

ደስ ይላል ግን ቆዩ። ኩላሊት ሲነቃ መጀመሪያ ውሃውን ብቻ ነው ሚያወጣው፣ ማጣራቱ ቆይቶ ነው ሚመጣ። ያኔ ሰውየው በቀን ሶስት አራት ሊትር ሊሸና ይችላል፣ ትላንት አትጠጣ ያልነውን ሰው ዛሬ ጠጣ እንለዋለን፣ ፖታሺየሙም አሁን ደግሞ ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚህ ደም እየታየ ጥቂት ቀን ይጠበቃል። ክሬቲኒኑ ያለ ማሽን በራሱ እየወረደ ሲሄድ ነው እጥበት ሚቆመው፣ ከዛ ካቴተሩ ይወጣል። ካቴተሩን ሸሚዝ ስር ደብቆ "ነገ እመጣለሁ" ብሎ አገሩ ሚገባ አለ፣ እባካችሁ አትፍቀዱለት፣ ማውጣቱ ራሱ በባለሙያ ተጋድሞና ተጭኖ ነው ሚሰራው።

ከወጣ በኋላ ክሬቲኒኑ በየሳምንቱ ወይ በሁለት ሳምንቱ፣ ከዛ ሶስት ወር ሲሆነው አንዴ ይታይ። ሶስት ወር ላይ ያልተመለሰ ካለ ያኔ የረጅም ጊዜ ክትትል ይጀመራል። ፋርማሲ በሄደ ቁጥር "ኩላሊቴ ቆሞ ያውቃል" ይበል፣ ዳይክሎፌናክ አይዋጥ፣ ህመም ካለው ፓራሲታሞል በልኩ። ተቅማጥ በያዘው ቀን ደግሞ ኦአርኤስ ወዲያው።